ባለሸራ ጣሪያ ቮልስ ለምታድሱ፦ መጀመሪያ የውሃ ማሸጊያው ጎማ፣ ወንበሩ በኋላ

አዲስ አበባ ውስጥ ጎበዝ የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊ ለምታፈላልጉ፣ ጥቆማዬ ፍለጋውን ለጊዜው እንድታቆዩት ነው። መኪናው ውሃ እያስገባ የተሰፋ ቆዳና የተነጠፈ ምንጣፍ ሐምሌና ነሐሴን አይሻገርም።

የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ለበር እጀታ፣ ለመስታወት ማንሻና ለመሳሰለው ብረት ጥሩ ነው፤ መከራከር ለሚችል ደግሞ ዋጋውም አይጎዳም። በበርና በመስታወት ዙሪያ ውሃ የሚያሽገውን ጎማ ግን ከዚያ አልገዛም። ከሌላ መኪና የወጣ ጎማ የለመደውን ቅርጽ ይዞ ደርቋል፤ በጥፍር ስትጫኑት ስርጉዱ ካልተመለሰ ተዉት። ከጀርመን የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ አዲስ አስመጡ፤ ስታዝዙም ካብሪዮሌ (ባለሸራ ጣሪያ) መሆኑን ተናገሩ። ካርማን የተባለው የጀርመን ኩባንያ እስከ 1980 እ.ኤ.አ. ኦስናብሩክ ከተማ ላይ የሠራው ይህ ቮልስ የበሩ መስታወት ክፈፍ ስለሌለው የተራው ቮልስ ጎማ አይገጥመውም።

ለጣሪያው የድንኳን ሸራ የሚያቀርብላችሁ አይጠፋም፤ ርካሽ ነው፣ ሲውል ሲያድር ግን ይረግባል። ቪኒል ለማጽዳት ይቀላል፣ ፀሐይ ግን ያደርቀዋል። ከላይ አክሪሊክ፣ መሃሉ ላስቲክ፣ ከውስጥ ጨርቅ የሆነው ባለሦስት ንብርብር ውድ ቢሆንም የእኔ ምርጫ እሱ ነው። የትኛውንም ብትገዙ ውሃው ቀዳዳ የሚያገኘው በስፌቱ በኩል ነውና ሰፊውን ስለ ክሩና በስፌቱ ላይ ስለሚቀባው ማሸጊያ ጠይቁት። መልስ ካጣ ወደ ሌላ ሂዱ። ሁሉንም በሲልከን እንድፈነው የሚላችሁን ደግሞ በትህትና ተሰናበቱት፤ ሲልከን ውሃውን ከብረቱ ጋር አብሮ ያሽጋል፣ በላዩም ቀለም አይዝም።

ብዙ ሰው የማያየው በሩን ነው። ዝናብ በመስታወቱ ጎን ወደ በሩ ሆድ መግባቱ ጤነኛ ነገር ነው፤ ታች ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። ችግሩ ቀለም ቀቢው ቀዳዳዎቹን በስቱኮ ሲደፍናቸው፣ ወይም ከበሩ ልባስ ጀርባ የነበረው ፕላስቲክ ተቀዶ ሲጣል ነው። ያኔ ውሃው ልባሱን አርሶ ወለሉ ላይ ይተኛል። ወፍራም ፕላስቲክ ቆርጦ መለጠፍ ከቁም ነገር የሚገባ ወጪ የለውም።

ፍተሻውን ላቫጆ አትውሰዱት፤ የዚያ ግፊት ደህናውንም ጎማ ያልፋል። ወንበሮቹን አውጥታችሁ አንድ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጥ፤ እናንተ በተራ የውሃ ቱቦ ከታች ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ ውጡ። ከላይ ከጀመራችሁ የቱ ጋ እንደሚያስገባ አይታወቅም። ውስጥ ያለው ሰው በተለይ ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል፣ የመኪናው ባትሪ የሚቀመጥበትን ወለል ይይ፤ አሲድና እርጥበት ተባብረው መጀመሪያ የሚበሱት እሱን ነው።