ከአዲስ አበባ ዳር ለምንኖር አንባቢዎች፦ የየትኛው ቤተ መጻሕፍት መታወቂያ ይሻላል?

በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ ወይም በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም እየኖራችሁ የቤተ መጻሕፍት መታወቂያ ለማውጣት ካሰባችሁ፣ በቅድሚያ የምመክረው በአቅራቢያችሁ ባለው የወረዳ ወይም የወጣት ማዕከል ቤተ መጻሕፍት እንድትጀምሩ ነው። መጽሐፉ ጥቂት፣ አዳራሹም ጠባብ ሊሆን ይችላል፤ ይሁን እንጂ ከሥራ ወይም ከትምህርት መልስ በእግር የሚደረስበት የንባብ ቤት፣ ሁለትና ሦስት ታክሲ ተይዞ ከሚደረስበት ታላቅ ሕንፃ ይልቅ ንባብን የዘወትር ልማድ ያደርጋል ብዬ አምናለሁ። በተለይ ቤተሰቡ በሙሉ በስቱዲዮ ወይም በባለ አንድ መኝታ ቤት ተጨናንቆ በሚኖርበት ሁኔታ፣ ለ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ጸጥ ያለ ወንበርና ጠረጴዛ ማግኘት ከመጽሐፉም በላይ ዋጋ አለው።

ለምዝገባ ስትሄዱ ያልተቃጠለ የነዋሪነት ወይም የፋይዳ መታወቂያና ጉርድ ፎቶግራፍ ያዙ፤ ተማሪ የትምህርት ቤት መታወቂያውን ቢጨምር መልካም ነው። ፎርሙን ከመሙላታችሁ በፊት ግን መታወቂያው እዚያው ተቀምጦ ለማንበብ ብቻ ነው ወይስ መጽሐፍ ያስውሳል ብላችሁ ጠይቁ። ብዙዎቹ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቶቻችን የሚያስነብቡት በአዳራሻቸው ውስጥ ስለሆነ፣ ይህን ሳያውቁ ወደ ቤት ይዞ ለመመለስ አስቦ የሄደ ሰው ቅር ብሎት ይመለሳል። የሚያስውስ ከሆነ ደግሞ ተያዥ ወይም ማስያዣ ገንዘብ ይፈለግ እንደሆነ፣ መጽሐፉም ለስንት ቀን እንደሚቆይ አጣሩ።

ልጆች ይዞ ሙሉ ቅዳሜን ለማሳለፍ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ተመራጭ ነው። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ቤተ መጻሕፍት በአንድ ጊዜ ከ2,000 በላይ አንባቢዎችን እንዲያስተናግድ የተሠራ ሲሆን፣ ለሕፃናት የተለየ ክፍልም አለው። ከእኛ ሰፈር ተነስቶ ለአንድ ሰዓት ንባብ እዚያ ድረስ መሄድ ግን አያዋጣም፤ ምሳ ቋጥሮ፣ ቀኑን ለዚሁ መድቦ መሄድ ይሻላል።

ቆየት ያለ ጽሑፍ ለሚፈልግ፣ በእኔ ግምት በከተማዋ ወመዘክርን፣ ማለትም ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱን፣ የሚተካ የለም። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመ ከመሆኑም በላይ፣ በአገሪቱ የሚታተሙ መጻሕፍት ቅጂ እንዲገባለት ሕግ ስለሚያዝ፣ ከገበያ የጠፋ መጽሐፍ ወይም ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመውን የአዲስ ዘመን ጋዜጣ የድሮ ዕትም ለማየት የሚሻ ሁሉ ሊያስበው የሚገባው ቦታ ነው። አሠራሩ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አንባቢው ራሱ መደርደሪያው ዘንድ ሄዶ አይመርጥም። የመጽሐፉን ርእስ፣ የደራሲውን ስምና የመለያ ቁጥሩን ከካታሎግ ፈልጎ በመጠየቂያ ወረቀት ላይ ጽፎ ለሠራተኛው ይሰጣል፤ ከዚያም መጽሐፉ ከመጋዘን እስኪወጣለት ይጠብቃል። ስለዚህ የምትፈልጉትን ርእስ ዝርዝር አስቀድማችሁ በማስታወሻ ደብተር ይዛችሁ ብትሄዱ ግማሽ ቀናችሁ ከመባከን ይድናል። መመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ ደግሞ ከትምህርት ተቋሙ የትብብር ደብዳቤ አጽፎ ስድስት ኪሎ ወዳለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ቢያመራ ብዙ ያተርፋል።

ፈረንሳይኛ የሚማር ሰው ፒያሳ ያለውን የፈረንሳይኛ ቋንቋና ባህል ማዕከል፣ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝን፣ ይጠይቅ።

በሁሉም ዘንድ ቦርሳ መግቢያው ላይ አስቀምጡ መባል የተለመደ ስለሆነ፣ ገንዘባችሁንና ስልካችሁን አውጥታችሁ ያዙ። ብሔራዊ ፈተና በሚቃረብባቸው ወራት ወንበሮቹ ገና በማለዳ ስለሚያዙ፣ በሩ ሲከፈት ለመድረስ ከቤት በጊዜ መነሳት ያስፈልጋል።