መጠጥ ለማቆም የሚረዳ ሚቲንግ ቨርጂኒያ አካባቢ የሚያውቅ አለ?

ተጓዡ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው፣ አሜሪካ ከገባሁ 11 ዓመቴ ነው። መጠጥ ማቆም አቅቶኛል። ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኛ ጋር ነበር፣ ከዛ ከስራ መልስ ሆነ፣ አሁን ጠዋት ካልቀመስኩ እጄ ይንቀጠቀጣል። ትናንት ልጄ የትምህርት ቤት ወረቀት ፈርምልኝ ብላ ብታመጣልኝ እስክሪብቶው አልያዝ አለኝና "አባዬ በረደህ እንዴ?" አለችኝ። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። በፊት ሁዳዴን 55ቱን ቀን አልቀምስም ነበር፣ እሱን እያሰብኩ ሱስ የለብኝም እል ነበር፣ ዘንድሮ ግን ሁለተኛውን ሳምንት እንኳን አልጨረስኩትም።

ኤኤ (አልኮሆሊክስ አኖኒመስ) የሚባል፣ መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች የሚረዳዱበት ስብሰባ እንዳለ ሰምቻለሁ። እንዴት ነው የሚገኘው፣ ይከፈላል ወይ፣ ስም ይመዘገባል ወይ? እንግሊዝኛዬ ለስራ ይበቃል እንጂ የሆዴን ለማውራት አይሆንም። ደግሞ የሚያውቀኝ ሐበሻ ያየኛል ብዬ በጣም ነው የምፈራው፣ ቤተክርስቲያናችን ውስጥ ሁሉም ይተዋወቃል።

ሲልቨር ስፕሪንግ 4፦
ወንድሜ እንኳን ጻፍከው። እኔ ከተውኩ 4 ዓመት ከ2 ወር ሆነኝ። ስልክህ ላይ ሚቲንግ ጋይድ የሚባለውን አፕ አውርድ፣ ሰማያዊ ሆኖ ነጭ ወንበር ያለበት ነው፣ ነፃ ነው፣ ያለህበት አካባቢ ዛሬ የትና በስንት ሰዓት እንዳለ ያሳይሃል። ኦፕን የሚለው ማንም ገብቶ የሚያዳምጥበት ነው፣ ክሎዝድ የሚለው መጠጥ ማቆም ለሚፈልግ ሰው ብቻ ነው፣ አንተ ሁለቱም ጋ መግባት ትችላለህ። መውጣት ከከበደህ በዙምም ሞልቷል። ክፍያ የለም፣ ቅርጫት ሲዞር የፈለገ አንድ ሁለት ዶላር ይጥላል፣ አዲስ ሰው ባይሰጥ ማንም አያየውም። የምትናገረው የራስህን ስም ብቻ ነው፣ ያባት ስም የለም።

ብዙ ጊዜ ቸርች ምድር ቤት ውስጥ ነው የሚደረገው። እኔ ኦርቶዶክስ ስለሆንኩ ይሰብኩኝ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር፣ አዳራሹን ተከራይተው ነው እንጂ ከቸርቹ ጋር አይገናኝም። ነገሩ እራሱ የተጀመረው 1935 ላይ ኦሃዮ አክረን ከተማ ነው፣ አንዱ የአክሲዮን ነጋዴ አንዱ ቀዶ ጥገና ሐኪም፣ ሁለቱም መጠጥ ያጠፋቸው ሰዎች ቁጭ ብለው ተጨዋውተው ነው፣ እስከዛሬም ስራው እሱ ነው፣ የደረሰበት ሰው ለደረሰበት ሰው ያወራል።

ስለ ቋንቋው፣ ሦስተኛ ቀኔ ላይ ተራ ደረሰኝና እንግሊዝኛው ጥፍት አለብኝ። የእናቴን መርዶ ሰክሬ እንደሰማሁ በአማርኛ ማውራት ጀመርኩ። ቃሉ የገባው አንድም ሰው አልነበረም፣ ግን ማንም አላቋረጠኝም፣ አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ ሶፍት አቀበሉኝ። ማውራት ካልፈለግክ ደግሞ "ፓስ" ማለት ነው፣ አለቀ። ሐበሻም አግኝቻለሁ፣ ሁለታችንም ደነገጥን፣ እሱም የመጣው አንተ ለመጣህበት ነገር ነው እኮ፣ አሁን ማታ ማታ ሲከብደኝ የምደውለው ለሱ ነው።

ነርሷ፦
ይቅርታ መሃል ልግባ፣ ይሄ በጣም አስፈላጊ ነው። ጠዋት እጅህ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ እባክህን በአንድ ቀን ቁርጥ እንዳታደርገው። ሰውነትህ ለምዶታል፣ በድንገት ሲቀርበት ላብና ማስመለስ በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል፣ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት እንደሚጥል በሽታ ሊጥልህ ይችላል፣ ከዛ በኋላ የሌለ ነገር ማየትና መቃዠት ሊመጣ ይችላል፣ ሰው የሞተበት ነገር ነው። መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂድ፣ በቀን ስንት እንደምትጠጣ ሳትቀንስ ንገራቸው፣ አፍረው ግማሹን የሚናገሩ ሰዎች ናቸው የሚጎዱት። ቀስ አድርጎ የሚያወርድህ መድኃኒትና ታያሚን የሚባል ቫይታሚን ይሰጡሃል። ኢንሹራንስ ባይኖርህም 1-800-662-4357 ደውል፣ የመንግሥት ነው፣ ነፃ ነው፣ 24 ሰዓት ይሰራል፣ አካባቢህ የት መታከም እንደምትችል ይነግሩሃል።

እናት ነኝ፦
ወንድሜ፣ ባለቤትህንም አትርሳት። እኔ 9 ዓመት ሙሉ የባሌን ጠርሙስ ሲንክ ውስጥ ስደፋ ኖሬያለሁ፣ ለሱ የሚሆን ቦታ ስፈልግ ለኔም እንዳለ አላውቅም ነበር። አል አኖን ይባላል፣ ለቤተሰብ ነው፣ እሱም በነፃ ነው። እሱ ገና እየጠጣ እያለ ነው የጀመርኩት።

ከአዲስ አበባ፦
እዚህ ላላችሁ፣ አማኑኤልና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና አለ። ታናሽ ወንድሜን ሦስት ጊዜ ጠበል ወስደነዋል፣ እዛ እያለ ደህና ነው፣ ሰፈር ሲመለስ ግን አረቄ ቤቱ ከበራችን ፊት ለፊት ነው። ጠበሉንም አልተውንም፣ ሕክምናውንም ጨምረናል፣ አሁን ማታ ማታ በዙም ሚቲንግ ይገባል፣ ለዳታ እኔ ነኝ የምሞላለት።

ተጓዡ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነርሷ እህቴ እንዳልሽው መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሄድኩ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ መድኃኒቱን እየወሰድኩ ሳምንት አለፈኝ። ትናንት ማታ ሚቲንግ ሄድኩ። መኪና ውስጥ 20 ደቂቃ ተቀምጬ ልመለስ ሞተር አስነስቼ ነበር፣ በሩ ላይ ሲጋራ የሚያጨስ ሰውዬ አይቶኝ እጁን አወዛወዘልኝና አጥፍቼ ወረድኩ። ቡና ሰጡኝ። ስሜን ብቻ ነው ያልኩት። ሲያልቅ አንዱ ስልኩን ወረቀት ላይ ጻፈልኝ። ስፖንሰር ስፖንሰር ሲሉ ነበር፣ እሱ እንዴት ነው የሚጠየቀው?

ሲልቨር ስፕሪንግ 4፦
ጎበዝ! ስፖንሰር ማለት ካንተ ቀድሞ ያቆመና መንገዱን የሚያሳይህ ሰው ነው፣ ሲናገር ልብህ የወደደውን ሰው ሲያልቅ ጠጋ ብለህ ትጠይቀዋለህ። ስልኩን ለሰጠህ ሰውዬ ግን ዛሬውኑ ደውልለት፣ ሰላም ለማለት ብቻ ይሁን። ሐሙስ ማታ ወዳንተ ሰፈር ስለምመጣ ከፈለግክ አብረን እንገባለን፣ በውስጥ ጻፍልኝ።