«የቀዳ» ማለት ምን ማለት ነው?

የሆጤ ልጅ፦ ማታ በሬዲዮ ጋሽ ጌታቸው መኩሪያን «ሁለገብ የጃዝ ሳክስፎኒስትና አቀናባሪ» ብለው አቀረቡት። ሽለላ የሚል ቃል አንዴም አልወጣቸውም! ሰውየው ፉከራን ከጉሮሮ ወደ ቴነር ሳክስፎን ያሻገረ ነው። ፈረንጆቹ ምት የሌለውን ሲሰሙ አሜሪካዊው የፍሪ ጃዝ ሳክስፎኒስት ኦርኔት ኮልማን ትዝ ይላቸዋል፤ እኛም ተከትለን ጃዝ እንላለን።

ቦርከና፦ ሬዲዮው ምን አጠፋ? ማዘጋጃ ቤት ባንድ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ከዚያ ፖሊስ ኦርኬስትራ፤ በስተርጅና ደግሞ ከሆላንዶቹ የፓንክ ሮክ ባንድ ከዘ ኤክስ ጋር። ይሄ ሁለገብ ካልሆነ ማን ይሁን? እኔ የማልቀበለው «አቀናባሪ» የሚለውን ነው። ሽለላን የቀዳ እንጂ የፈጠረ አይደለም።

ጦሳ፦ «የቀዳ»! ጠላ ነው እንዴ?

የሆጤ ልጅ፦ ቦርከና፣ ሽለላ ውስጥ ቁጣውን የሚሸከመው ግጥሙ ነው። ግጥሙን ስታወጣው የሚቀርህ አምስት ድምፅ ነው። ያንን ባዶ በምን ሞላው? በሰፊ ንዝረት፣ ከጉሮሮ እያጉረመረመ በመንፋት፣ ከታች ወደ ላይ በድንገት በመዝለል። የቱ ጋ ተንፍሶ የቱ ጋ እንደሚቆርጥም የወሰነው ራሱ ነው። ይሄ ቅንብር ካልሆነ ምንድን ነው?

ቦርከና፦ አጨዋወት ነው። ጥሩ አድርጎ መቅዳትም ችሎታ ነው፤ አልናቅሁትም።

ክራር ገመድ፦ እስቲ የአምባሰልን ቅኝት ቅዳልን። በኪቦርድ ከሲ ሲነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። ቴነር ላይ ግን ዲ ስትነፋ የሚሰማው ሲ ስለሆነ ጣትህ የሚሄደው ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ ፍላት ላይ ነው፤ በአልቶ ከሆነ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ። እስከዚህ ማንም ይደርሳል። መሲንቆ ላይ ጣት ይንሸራተታል፤ ሳክስፎን ግን ቁልፍ ነው፣ ወይ ክፍት ወይ ዝግ። መንሸራተቱን የምታመጣው በመንጋጋና በከንፈር ነው። ሪዱ፣ ማለት አፉ ላይ የሚታሰረው ቀጭን ሸምበቆ፣ ጥንካሬው 3 ተኩል ከሆነ አይታዘዝልህም፤ 2 ተኩል ይለሰልሳል፣ ግን ላይኞቹ ድምፆች ይወርዱብሃል። ኪቦርድ የሚጫወተው ደግሞ ሲ ሜጀር ኮርድ ከጫነብህ አለቀልህ፤ ውስጡ ያለው ኢ አምባሰል ውስጥ የለም፣ ከኤፍ ጋር ይፋጃል። ሲና ጂን ብቻ ይያዝልህ።

ጦሳ፦ ብርዱን ረሳኸው። ኮምቦልቻ ተቃኝቶ የሀረጎን ዳገት የወጣ ሳክስፎን ደሴ ሲደርስ ድምፁ ይወርዳል። 10 ደቂቃ ሳይነፉበት፣ የሚነፋበትን አፉን አንገቱ ቡሽ ላይ ወደ ውስጥ ሳይገፉ ከኪቦርድ ጋር አይገጥምም። ለዚህ ነው የኮምቦልቻ ሰው ሲቀዳ የሚደፋው።

ቦርከና፦ አብሽር፣ እኛ ኮምቦልቻዎች ሲሞቀን ወደ ውጭ እንስበዋለን። ለነገሩ ደሴዎች ምን አገባችሁ? ሰውየው የይፋት ልጅ ነው፣ ሸዋ።

የሆጤ ልጅ፦ ማን የደሴ ነው አለ? አምባሰልና ባቲ ግን የማን ቅኝት ነው?

ቦርከና፦ የአገር ስም ያለበት ሁሉ የእናንተ ነው ማለት ነው? ባቲ ከደሴ ይልቅ ለኮምቦልቻ ነው የሚቀርበው።

ክራር ገመድ፦ ወላሂ ተጀመረ! አንቺሆዬንስ ለማን እንስጠው?

ቦርከና፦ ጥያቄዬን አትሽሹት። በ2006 እ.ኤ.አ. ከዘ ኤክስ ጋር ያወጡት «ሞዐ አንበሳ» አልበም ላይ ጊታሮቹ አንድ ሐረግ እየደጋገሙ ይይዛሉ፣ ሳክስፎኑ ከላይ ይፎክራል። የጊታሮቹ ሐረግ የማን ነው? ቅንብሩ የባንዱ ከሆነ ጋሽ ጌታቸው እዚያ ምን አቀናበረ?

የሆጤ ልጅ፦ ሳክስፎኑን አውጥተህ ስማው፤ የሮክ ልምምድ ነው የሚቀርልህ።

ቦርከና፦ ጊታሩን አውጥተህ ስማዋ። ሽለላ ነው የሚቀረው፤ ያው የተቀዳው።

ጦሳ፦ ለሆላንዶቹም ቀዳላቸዋ። ጠጡ።