በአንድ ክፍል የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ ሲኖር ዕቃ መለየት ይበቃል?

የፒያሳ ነዋሪ፦
በአንድ ክፍል የቀበሌ ቤት አምስት ሆነን እንኖራለን። ታላቅ ወንድሜ ከአንድ ወር በላይ ሲያስለውና ሌሊት ሲያልበው ቆይቶ፣ ባለፈው ሳምንት በአክታ ምርመራ የሳንባ ነቀርሳ ተገኝቶበት መድኃኒት ጀምሯል። እናቴ ስኒውንና ሳህኑን ለይታ በየቀኑ በፈላ ውሃ ታጥባለች፤ ያለንን አንድ መስኮት ግን «ብርድ ይመታዋል» ብላ በጨርቅ ወትፋዋለች። የሦስት ዓመት ልጄም አብራን ናት። ጥንቃቄያችን ትክክል ነው?

ነርስ፣ ጤና ጣቢያ፦
እግዚአብሔር ይማርልዎ። እናትዎ የሚደክሙት በቅን ልብ ቢሆንም፣ የሳንባ ነቀርሳ በስኒ፣ በሳህንም ሆነ በመጨባበጥ አይተላለፍም። ታማሚው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ ወይም ሲናገር የሚወጡት ጥቃቅን ጠብታዎች ባክቴሪያውን እንደያዙ በታፈነ ክፍል አየር ውስጥ ለሰዓታት ሊንሳፈፉ ስለሚችሉ፣ አብሮ የሚያድር ሰው ሌሊቱን ሙሉ ያንኑ አየር ይስባል። ስለዚህ ስኒውን ይተዉትና ጨርቁን ያውጡ፤ በሩም መስኮቱም ይከፈት። ወንድምዎ ሲያስል አፉን ይሸፍን፣ ማስክ ያድርግ፣ ቢቻል ለብቻው ይተኛ፤ መድኃኒቱ ከሠራለት በሽታውን የማስተላለፍ አቅሙ በሳምንታት ውስጥ በእጅጉ ይቀንሳል። ልጅዎን ግን ነገ ዛሬ ሳይሉ ያስመርምሩ፤ በሽታው ከሌለባት መከላከያ መድኃኒት ይሰጣታል። ስትወለድ የሚሰጠው የቢሲጂ ክትባት በተለይ ወደ አንጎል ሽፋን ከሚዛመተው ከባድ ዓይነት ይጠብቃል እንጂ ሙሉ ዋስትና አይሆንም። የቀራችሁትም ሳታስሉ እንኳ ተመርመሩ።

የመርካቶ ልብስ ሰፊ፦
እኔም ታምሜ ድኛለሁ። ስምንት ሰው ሆነን መስኮት በሌለው ክፍል ስንሰፋ ከማን እንደያዘኝ እስከዛሬ አላውቅም። ለወንድምዎ አንድ ነገር ይንገሩልኝ፦ ሽንቱ ወደ ብርቱካናማ ቢቀየር አይደንግጥ፣ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው። እኔን የፈተነኝ ሕመሙ ሳይሆን መሻሉ ነበር፤ በሁለተኛው ወር ሳሉ ጠፍቶ፣ የምግብ ፍላጎቴ ተመልሶ፣ ቀሪው አራት ወር ለምን እንደሚያስፈልገኝ አልታይህ አለኝ። መድኃኒት ማቋረጥ ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲለምድ ሊያደርግ እንደሚችል ነርሷ እየደጋገመች ባትነግረኝ ኖሮ አቋርጥ ነበር።

የፒያሳ ነዋሪ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጨርቁ ወጥቷል፤ ለወንድሜ ተጨማሪ ጋቢ ተገዝቶለታል። አሁን ደግሞ እናቴ፣ መስኮቱ በጎረቤታችን በረንዳ በኩል ስለሚከፈት «ሰው እናስይዛለን» ብላ ሰግታለች።

ነርስ፣ ጤና ጣቢያ፦
ውጭ የወጣው አየር ወዲያው ይበተናል፣ የፀሐይ ብርሃንም ባክቴሪያውን ይገድለዋል። በረንዳ ላይ ቡና የሚጠጡ ጎረቤቶቻችሁ አይሰጉ፤ ወንድምዎም ቀን ቀን ወጥቶ ፀሐይ ይሙቅ።