አስገዳጅ የቅድሚያ ቅበላ፦ ብድር ለሚጠብቅ አመልካች ያዋጣል?

ጥያቄ
በአሜሪካ ሕግ ትምህርት ቤቶች ለጄዲ፣ ማለትም ለሕግ ሙያ ዲግሪ፣ ለማመልከት እየተዘጋጀሁ ነው። ከሁሉ አስቀድሜ የምመኘው ትምህርት ቤት ኧርሊ ዲሲዥን የተባለ አስገዳጅ የቅድሚያ ቅበላ አለው፤ በዚህ መንገድ የሚያመለክት ሰው፣ ከተቀበሉት እዚያው እንደሚገባ አስቀድሞ ይፈርማል። የኤልሳት (የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና) ውጤቴ ከትምህርት ቤቱ መካከለኛ ውጤት በሁለት ነጥብ ያንሳል፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ነጥቤ ግን ከመካከለኛው በላይ ነው። ክፍያውን የምሸፍነው በብድር ነው። ብፈርም ይሻለኛል?

መልስ 1
በመጀመሪያ የስምምነቱን ጽሑፍ ቃል በቃል ያንብቡ። አብዛኛውን ጊዜ፣ ተቀባይነት ካገኙ ለሌሎች ትምህርት ቤቶች ያስገቧቸውን ማመልከቻዎች ሁሉ እንደሚያነሱና አዲስም እንደማያስገቡ የሚያረጋግጡበት ነው። በመደበኛው መንገድ ለሌሎች ማመልከት ይችላሉ፤ በአንድ ጊዜ ሁለት አስገዳጅ ማመልከቻ ማስገባት ግን አይፈቀድም። ካልተቀበሉዎት ወይም ማመልከቻዎን ወደ መደበኛው ዙር ካዛወሩት ግዴታው ይቀራል።

እኔን የሚያሳስበኝ ገንዘቡ ነው። አመልካች ስለ ስኮላርሺፕ መደራደር የሚችለው ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣ የተሻለ ደብዳቤ በእጁ ሲይዝ ነው፤ የፈረመ ሰው ግን ይህን አቅም ገና ከጅምሩ ያስረክባል፣ ትምህርት ቤቱም መምጣቱን ስለሚያውቅ ተጨማሪ ገንዘብ የሚሰጥበት ምክንያት ያንሰዋል።

መልስ 2
በዚህ ላይ የብድሩ ሕግ ተለውጧል። ቀድሞ ግራድ ፕላስ የተባለው የፌዴራል ብድር እስከ ሙሉው የትምህርትና የኑሮ ወጪ ድረስ ይሸፍን ነበር። በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት ግን ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ቀርቷል፤ የሕግ ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት የሚበደረው በዓመት እስከ 50,000 ዶላር፣ በጠቅላላው እስከ 200,000 ዶላር ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ከግል አበዳሪ መፈለግ የግድ ይሆናል፤ የግል አበዳሪ ደግሞ የብድር ታሪክዎን ይመረምራል፣ ብዙ ጊዜም ዋስ ይጠይቃል። ስለዚህ ዋጋውን ሳያውቁ መፈረም ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ከባድ ነው።

መልስ 3
ሁሉንም ፕሮግራሞች በአንድ ዓይን ባናያቸው መልካም ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ለአስገዳጅ አመልካች ሙሉ የትምህርት ክፍያ ስኮላርሺፕ ይሰጣሉ፤ እንዲህ ከሆነ የሚከፍሉትን አውቀው ስለሚፈርሙ የመደራደር አቅም ማጣቱ ብዙም አይጎዳዎትም። እንደ እርስዎ ከመካከለኛው ውጤት በጥቂት ያነሰ አመልካችም፣ ከተቀበሉት በእርግጥ እንደሚመጣ ማሳየቱ ሊጠቅመው ይችላል።

የእርስዎ ምርጫ እንዲህ ያለ ስኮላርሺፕ ከሌለው ግን እኔ በመደበኛው ዙር፣ ቅበላው እንደተከፈተ እንዲያመለክቱ እመክራለሁ።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ። ትምህርት ቤቱ ለተማሪዎቹ ምን ያህል እንደሚሰጥ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል?

መልስ 1
ይቻላል። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር እውቅና የሰጠው እያንዳንዱ የሕግ ትምህርት ቤት ስታንዳርድ 509 የተባለውን ሪፖርት በየዓመቱ በድረ ገጹ ያወጣል። የስኮላርሺፑ ሰንጠረዥ ስንት ተማሪ ከግማሽ ክፍያ በታች፣ ስንት ከግማሽ እስከ ሙሉ፣ ስንት ደግሞ ሙሉውን እንዳገኘ ያሳያል። አስገዳጅ አመልካቾችን ለይቶ ስለማያሳይ፣ ከመፈረምዎ በፊት ለእነርሱ ስኮላርሺፕ እንዴት እንደሚወሰን የቅበላ ክፍሉን በጽሑፍ ይጠይቁ።