የሁለት ቡድኖችን አማካይ ማወዳደር እችላለሁ? መላ በሉኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ ላይ ተቸንክሬ ቀርቻለሁና ማኅበራዊና ባህላዊ ሥነ ልቦና የምታውቁ እርዱኝ።

መነሻዬ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ማርከስና ኪታያማ እ.ኤ.አ. በ1991 ያቀረቡት ሐሳብ ነው፦ ሰው ራሱን የሚያየው ለብቻው እንደቆመ ነው ወይስ ከሌሎች ጋር እንደተሳሰረ? ይህንኑ የሚለካውን የሲንጌሊስን የ1994 መጠይቅ በሁለት አገር ተማሪዎች አስሞላሁ። ልዩነት ጠብቄ ነበር፤ አማካዩ ግን አንድ ዓይነት ሆኖ ቁጭ አለ።

ሃይንና ባልደረቦቹ በ2002 ያነሱት ችግር ይሆን? ሰው «ከቡድኔ ጋር መስማማት ያስፈልገኛል» ለሚል ዓይነት ዓረፍተ ነገር ከ1 እስከ 7 ሲሰጥ ራሱን የሚመዝነው በዙሪያው ካሉት አንጻር ነው። ሁሉም በየአካባቢው ከተመዘነ በባህሎች መካከል ያለው ልዩነት ይዋጣል። ይህ ካልሆነ ደግሞ ልዩነቱ ከመጀመሪያውም የለም ማለት ነው (ይህኛውን አማካሪዬ መስማት አይፈልጉም)።

የባሰው እዚህ ጋ ነው። መጠይቁ ሁለቱንም ቡድን በአንድ ዓይነት መንገድ ይለካ እንደሆነ ስፈትሽ፣ የፋክተር አወቃቀሩ (የትኞቹ ጥያቄዎች አብረው እንደሚሄዱ) እና ሎዲንጉ (እያንዳንዱ ጥያቄ ከሚለካው ነገር ጋር ያለው የትስስር መጠን) ለሁለቱም ቡድን ይሠራል። ኢንተርሴፕቱን (የእያንዳንዱን ጥያቄ መነሻ ነጥብ) እኩል ሳደርግ ግን ሲኤፍአይ (ሞዴሉ ከመረጃው ጋር ምን ያህል እንደሚገጥም የሚያሳየው መለኪያ) ከ0.01 በላይ ይወርዳል፤ ማለትም መነሻ ነጥቡ ለሁለቱ ቡድኖች እኩል አይመስልም። አማካሪዬ «ቲ-ቴስት (የሁለት አማካዮችን ልዩነት የሚፈትነውን) ሠርተህ ጨርስ» ይላሉ፤ እኔ ግን በዚህ ሁኔታ አማካይ ማወዳደር አልዋጥልህ አለኝ።

የተወሰኑ ኢንተርሴፕቶችን ለቅቄ በከፊል እኩልነት ብቀጥል ስንት ጥያቄ እኩል ሆኖ ሲቀር ነው ተቀባይነት የሚኖረው? ወይስ አማካዩን ትቼ ከሌሎች ተለዋዋጮች ጋር ያለውን ዝምድና ብቻ ላወዳድር? መረጃ እንደገና መሰብሰብ አልችልም።