አርኤስአይ 78 ላይ ሸጥኩ፣ ዋጋው ግን ወጣ፤ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

የኮዬው ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ገላን አንድ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ግምጃ ቤት እሠራለሁ። ፎሬክስ (የውጭ ምንዛሪ ንግድ) ከጀመርኩ ሰባት ወር ሆነኝ፣ አምስቱን ወር በዴሞ፣ በልምምድ ሂሳብ፣ ነው የሠራሁት። ባለፈው አርብ የደረሰብኝን ልንገራችሁና የምታውቁ እርዱኝ።

በምሳ ሰዓት፣ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የዩሮ/ዶላርን የአንድ ሰዓት ቻርት ከፈትኩ። አርኤስአይ (የዋጋውን ግፊት ከ0 እስከ 100 የሚለካ ኢንዲኬተር፣ ማለትም የቻርት መለኪያ) 78፣ ስቶካስቲክ የሚባለው ሌላው መለኪያ ከ80 በላይ፣ ዋጋውም የቦሊንገርን (ከአማካዩ በላይና በታች የሚሰመሩትን መስመሮች) የላይኛውን መስመር ነክቷል። ሦስቱም ዋጋው በጣም ወጥቷል፣ ሊወርድ ነው ሲሉኝ አይቼ፣ ሲወርድ እንዳተርፍ 1.0800 አካባቢ በ0.50 ሎት (50,000 ዩሮ) ሸጥኩ። ሂሳቤ ላይ 300 ዶላር ነበረኝ፣ ሌቨሬጁ 1 ለ 500 ነው፣ በ1 ዶላር የ500 ዶላር ትሬድ ያስከፍታል። ስቶፕ ሎስ (ዋጋው ካስቀመጥኩት ወሰን ሲደርስ ትሬዱን በኪሳራ የሚዘጋ ትዕዛዝ) አላስገባሁም። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ስቶፔን ነክቶ ወዲያው እኔ ወዳሰብኩት ስለተመለሰ ተናድጄ ትቼው ነበር።

ሥራ ስንገባ ስልክ የምናስረክበው በር ላይ ለጥበቃ ነው። 11 ሰዓት ወጥቼ ስልኬን ስቀበል ትሬዱ በራሱ ተዘግቶ 55 ዶላር ቀርታለች። የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ቁጥሩን ደጋግሜ አየሁት። ገንዘቡ ዕቁብ ደርሶኝ ያገኘሁት ነው፣ ለባለቤቴ ገና አልነገርኳትም።

አርኤስአዩ 14 ካንድል (በዚህ ቻርት አንዷ የአንድ ሰዓት ዋጋ ታሳያለች) ላይ ነው ያለው። ወደ 7 ወይስ ወደ 21 ልቀይረው? ወይስ ሌላ ኢንዲኬተር ልጨምር?

የቱሉ ዲምቱ፦

ገንዘቡ የሚበላበት ስቶፕ የሚያስገባ ሰው ነው። በ0.01 ሎት ጀምር፣ ስትከስር ሎቱን እጥፍ አድርግ። አንዴ ካሸነፍክ ሁሉም ይመለሳል።

ሒሳብ ሠራተኛ፣ ሰበታ፦

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ለባለቤትህ ንገራት። ጡረታ ልወጣ አራት ዓመት የቀረኝ ሰው ነኝ፤ እኔም ኪሳራ ደብቄ አውቃለሁ። የተደበቀ ኪሳራ ማንም ሳያውቅ ለመመለስ ያስቸኩላል፣ ችኮላው ደግሞ ሎት ያስጨምራል።

አሁን ወደ አርኤስአይ። ዌልስ ዋይልደር በ1978 ያስተዋወቀው ስሌት ነው። በ14 ካንድል ውስጥ የነበረውን አማካይ ጭማሪ ከአማካይ ቅናሹ ጋር ያነጻጽራል። 78 ማለት ጭማሪው የቅናሹ ሦስት ተኩል እጥፍ ገደማ ነበር ማለት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ገዢው በርትቷል ይልሃል እንጂ ደክሟል አይልህም። ገበያው አጥብቆ ወደ ላይ ሲሄድ ከ70 በላይ ብዙ ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ስቶካስቲኩም ቦሊንገሩም የሚሰሉት ከዚያው ዋጋ ነው። ሦስት ምስክር የቆመልህ መስሎሃል፤ የተናገረው ግን አንድ ሰው ነው። ወደ 7 ብታወርደው ቶሎ ቶሎ 70ን ይዘላል፣ ወደ 21 ብታወጣው ይዘገያል። አርብ የጎዳህ ይህ አይደለም። እኔ በአራት ሰዓት ቻርት ላይ ዋጋው ከ200ው ሙቪንግ አቬሬጅ (ከመጨረሻዎቹ 200 ካንድሎች አማካይ ዋጋ) በላይ ከሆነ አርኤስአይ የፈለገውን ቢል አልሸጥም። ይህም ቢሆን ያሳስታል፣ ግን ወንዙን ሽቅብ ከመዋኘት ያድነኛል።

የጎዳህ ሎቱ ነው። በዩሮ/ዶላር 0.50 ሎት በአንድ ፒፕ (የ0.0001 የዋጋ ለውጥ) 5 ዶላር ነው። ማርጂን፣ ማለትም ለትሬዱ መያዣ፣ የተያዘብህ 108 ዶላር ነው። ብሮከርህ (ትሬድ የምትከፍትበት ድርጅት) የዘጋብህ ቀሪው ገንዘብህ የዚያ ግማሽ ሲደርስ ይመስለኛል፤ የቀረህ 55 ዶላር ከዚያ ጋር ይገጥማል። ይህ እንዲሆን ዋጋው 50 ፒፕ እንኳ መሄድ አላስፈለገውም። ዩሮ/ዶላር ደግሞ 50 ፒፕን በአንድ ቀን የሚሄድ ገበያ ነው።

እኔ የማሰላው ከኋላ ጀምሬ ነው። መጀመሪያ ስቶፑ የት ይሁን እላለሁ። ለዚህ ኤቲአርን (ዋጋው በአንድ ካንድል በአማካይ ስንት እንደሚንቀሳቀስ የሚያሳየውን) አያለሁ፤ በአንድ ሰዓት ቻርት 15 ፒፕ ካለኝ እጥፉን፣ 30 ፒፕ እሰጠዋለሁ። ሁለቴ ስቶፕህን ነክቶ የተመለሰው ገበያው በተለመደው አተነፋፈሱ ከሚደርስበት ቦታ ስላስቀመጥከው ሳይሆን አይቀርም። ቀጥሎ ብሳሳት ስንት ልጣ እላለሁ። የ300 ዶላር 1 በመቶ 3 ዶላር ነው። 3 ዶላር ለ30 ፒፕ ሲካፈል በፒፕ 10 ሳንቲም፣ ማለትም 0.01 ሎት። አንተ የከፈትከው የዚህን 50 እጥፍ ነው። በ0.01 አሥር ጊዜ ተከታትለህ ብትሳሳት 270 ዶላር ይቀርሃል።

የቱሉ ዲምቱው ወንድሜ፣ የአንተን ዘዴ በወረቀት ሥራው። 30 ፒፕ እየጠፋ 0.01፣ 0.02፣ 0.04 እያልክ ሰባት ጊዜ ብትከስር ድምሩ 381 ዶላር ነው። 300 ዶላር ያለው ሰው ሰባተኛውን አይጨርሰውም። ለዚህ ልጅ እንዲህ ያለ ምክር አትስጠው፣ ቤተሰብ አለው።

እናት ለገጣፎ፦

አርብ 9 ሰዓት ተኩል ላይ የአሜሪካ የሥራ ቅጥር መረጃ የሚወጣበት ቀን እንደነበር አይተሃል? አብዛኛውን ጊዜ የወሩ የመጀመሪያ አርብ ነው፤ በአሜሪካ የብርድ ወራት ሰዓቱ በእኛ 10 ተኩል ይሆናል። ስልክህ ጥበቃው ጋ፣ አንተ ግምጃ ቤት፣ ትሬዱ ክፍት። እኔ በዚያ ቀን ከ8 ሰዓት በፊት ሁሉንም ዘግቼ ልጆቼን ላመጣ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ።

ስቶፕ ሎስ የሚቀመጠው ብሮከሩ ሰርቨር ላይ ነው፣ ስልክህ ቢጠፋም መብራት ቢሄድም ይሠራል። በትክክል ባልከው ዋጋ ይዘጋል ማለት ግን አይደለም። ጥር 2015 በአውሮፓ አቆጣጠር የስዊዝ ማዕከላዊ ባንክ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ የያዘውን ወለል ድንገት ሲተው ዋጋው ዘልሎ ብዙ ሰው ካስቀመጠው ስቶፕ በጣም ርቆ ተዘጋበት። ስለዚህ ሎቱን ማሳነስ ከስቶፑም ይቀድማል።

የአውሮፓ ተቆጣጣሪ በ2018 ለተራ ነጋዴ በዋና ዋና ገንዘቦች ላይ ሌቨሬጁን 1 ለ 30 ሲገድብ ከእነዚህ ሂሳቦች ከ74 እስከ 89 በመቶው እንደሚከስሩ ገልጾ ነበር። በዚያ ገደብ ቢሆን 0.50 ሎትህ 1,800 ዶላር ማርጂን ይጠይቅህ ነበር፣ ጭራሽ አይከፈትልህም።

የኮዬው ልጅ፦

ጋሼ፣ እህቴ፣ አመሰግናለሁ። የመረጃውን ሰዓት አላየሁም ነበር። ማታ ነገርኳት፤ ብዙ ዝም አለችና ወረቀት አምጥታ ጋሼ የጻፉትን ስሌት አብረን ሠራነው። በቀረችው 55 ዶላር በ0.01 ልቀጥል?

ሒሳብ ሠራተኛ፣ ሰበታ፦

አብራችሁ መሥራታችሁ ደስ አሰኝቶኛል። በ55 ዶላር አትቀጥል። 0.01 ሎት በ30 ፒፕ ስቶፕ ያው 3 ዶላር ነው፤ ለ300ው 1 በመቶ የነበረው ለ55 ዶላር ከ5 በመቶ በላይ ሆነ። ስቶፑን ብታጠብበው ደግሞ እንደበፊቱ ይነካብሃል። ገንዘቡ ይቀመጥ። ዴሞውን 300 ዶላር አድርገህ ክፈተው፣ ሌቨሬጁንም ወደ 30 አውርደው። ከእያንዳንዱ ትሬድ በፊት ስቶፑን፣ ሎቱንና ብትሳሳት የምታጣውን ዶላር በደብተር ጻፍ። 40 ትሬድ ሲሞላህ እዚሁ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን።